መጥፎ ዜና ለምን አለቃው ጋ አይደርስም? በመሥሪያ ቤት ተግባቦት ላይ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ቦይንግ ኩባንያ 737 ማክስ የተባለውን አውሮፕላን ለአየር መንገዶች ማስረከብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚያው ዓመት የኩባንያው መሐንዲሶች አንድ ጉድለት አገኙ። አውሮፕላኑ ከሚገጥመው ነፋስ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ ለአብራሪው መብራት የነበረበት ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። ጉዳዩ ተመረመረ፤ ለደኅንነት አያሰጋም ተባለ፤ በሚቀጥለው የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲስተካከልም ቀጠሮ ተያዘለት። ኩባንያው ራሱ በኋላ ባወጣው መግለጫ እንደገለጸው፣ ከፍተኛ አመራሮቹ ይህን ያወቁት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ።

ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች ሞቱ።

ያ ማስጠንቀቂያ ቢሠራ ኖሮ አደጋው ይቀር ነበር እያልኩ አይደለም። ኢሜይሉ፣ ስብሰባውና ሪፖርቱ ሞልቶ በተረፈበት ኩባንያ ውስጥ አንድ የታወቀ ጉድለት ከመሐንዲሶቹ ጠረጴዛ ተነሥቶ እስከ አለቆቹ ቢሮ ለመድረስ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ያውም ሰው ሞቶ። ስለ መሥሪያ ቤት ተግባቦት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ከላይ የሚወርደውን ሰርኩላርና ወደ ውጭ የሚወጣውን መግለጫ ነው። ከታች ወደ ላይ መውጣት ያለበትን፣ በተለይ ደስ የማይለውን ዜና፣ በጀትም ሰውም የሚመድብለት የለም። በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰሙት ተረቶች አብዛኞቹ ከዚህ ክፍተት የሚወለዱ ናቸው።

ተረት፦ «በሬ ክፍት ነው፤ ችግር ካለ ይነግሩኛል»

ይህን የሚሉ ኃላፊዎች ብዙዎቹ ከልባቸው ነው የሚሉት። ግን በሩ መከፈቱ ብቻ ሰው አያስገባም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲድኒ ሮዘንና ኤብራሃም ቴሰር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሰው ደስ የሚያሰኘውን ዜና ለባለቤቱ ለመንገር እንደሚቸኩልና ክፉውን ግን እንደሚያቆይ፣ ከቻለም ለሌላ እንደሚተው አሳይተዋል። ዜናው በራሱ በነጋሪው ጥፋት የመጣ ባይሆን እንኳ ነው። ሰሚው የደመወዝ ጭማሪና የዕድገት ፊርማ የያዘ አለቃ ሲሆን ደግሞ ዝምታው ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

ዝምታው ሁልጊዜ ፍጹም ዝምታ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ማለዘብ ነው። ባለሙያው «ሥራው ቆሟል» ያለውን ቡድን መሪው «ዘግይቷል» ይለዋል፤ ዳይሬክተሩ ጋ ሲደርስ «አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢኖሩም በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ትንሽ አለሳልሶ ነው ያሳለፈው።

ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተወነጨፈች በ73 ሰከንድ አየር ላይ ስትበታተን 7 ጠፈርተኞች ሞተዋል። በዋዜማው ሌሊት የሮኬቱ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የጎማ ማሸጊያ ቀለበቶቹን ያደርቃቸዋልና ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይወንጨፍ ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራክረው ነበር። የገዛ ኩባንያቸው ሥራ አስኪያጆች ምክሩን ቀለበሱት። መርማሪው ኮሚሽን እንደደረሰበት፣ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡት የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ክርክር መደረጉን እንኳ አልሰሙም ነበር። የኮሚሽኑ አባል የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በኋላ መሐንዲሶቹንም አለቆቹንም የአደጋው ዕድል ስንት ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከመሐንዲሶቹ የሰማው ከ100 አንድ፣ ከአስተዳደሩ የሰማው ደግሞ ከ100,000 አንድ የሚል ነበር። የሚናገሩት ስለዚያችው መንኮራኩር ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ላይ የቀረው መረጃ ልክ ነው።

የእኛ ቀደምት ገዥዎች ይህን ያወቁት ይመስለኛል። «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ የነበረው፣ በዙሪያቸው ያለው ሰው እውነቱን እንደማይነግራቸው ስለተረዱ ነው። እረኛው በዜማው ያለውን ይላል፤ የሚያጣው ሹመት የለውም። መረጃው ወደ እነሱ እስኪመጣ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ወዳለበት ሰው ላኩ።

ዛሬም የተሳካላቸው ተቋማት ያደረጉት ይህንኑ ነው። በቶዮታ ፋብሪካዎች ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመድ ስቦ የመገጣጠሚያውን መስመር የማስቆም መብት አለው፤ አለቃው መጥቶ ምን እንዳየ ይጠይቀዋል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ያዩትንና የሠሩትን ስሕተት ስማቸው ሳይገለጥ የሚያሳውቁበት ሥርዓት አለ። ሪፖርቱን የሚቀበለው የሚቀጣቸው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሌላ አካል እንዲሆን የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። በእኛ አገር በየኮሪደሩ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን የተሻለ ሊሠራ የሚችለው፣ ቁልፉ ቅሬታው በሚመለከተው ኃላፊ እጅ ካልሆነና ምን እንደተጻፈ፣ ምን እንደተደረገ በግልጽ ከተለጠፈ ነው።

ተረት፦ «መረጃ በመስመሩ በኩል መምጣት አለበት»

አንድ የወረዳ ባለሙያ ከጎረቤት ወረዳ ባልደረባው አንድ ቁጥር ሲፈልግ ጥያቄው በቡድን መሪው፣ በጽሕፈት ቤት ኃላፊው፣ በዞኑ በኩል ወጥቶ፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወርዶ እስኪደርስ ይጠብቃል። ሁለቱ ወረዳዎች በባጃጅ ይገናኙ ይሆናል። ለምን ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፦ የዕዝ ሰንሰለት ይከበር፤ የአስተዳደር ሳይንሱም እንዲሁ ነው የሚለው።

ሳይንሱ እንዲያ አላለም። የዕዝ ሰንሰለትን ከአስተዳደር መርሆች አንዱ አድርጎ የጻፈው ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ አንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራው ላይ ይህንኑ ችግር በሥዕል አሳይቷል። ከሁለት የተለያዩ ክፍሎች የመጡ፣ በእኩል ደረጃ ያሉ ሁለት ሠራተኞች መስመሩን ጠብቀው ለመገናኘት እስከ ቁንጮው ወጥተው ለመውረድ 10 እርከን ይሄዳሉ፤ መልሱም ሌላ 10 እርከን አለበት። ፋዮል ያቀረበው መፍትሔ በሁለቱ መካከል ድልድይ መዘርጋት ነው። አለቆቻቸው ፈቅደውላቸው በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ የተስማሙበትን ወዲያው ለአለቆቻቸው ያሳውቃሉ። ዕዙ አልተደፈረም፤ ሥራውም አልቆመም።

ድልድዩ በሌለበት ምን እንደሚሆን ናሳ ከቻሌንጀር 17 ዓመት በኋላ በድጋሚ አየው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታ። መሐንዲሶች ጉዳቱን ለማየት ከሕዋ ላይ ፎቶግራፍ እንዲነሣላቸው ጠየቁ፤ ጥያቄው በተለመደው መስመር አልመጣም በሚልም ጭምር ተሰረዘ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ አደጋው ከባድ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ኢሜይል ጻፈ። አልላከውም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሥልጣን ተዋረዱን መዝለል እንዳልፈለገ ተናገረ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ የነበሩባት 7 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። መርማሪው ቦርድ የድርጅቱ ባህል ከአረፋው ቁራጭ ያላነሰ የአደጋው ምክንያት መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያ ሰው ኢሜይሉን ጽፎ ሲያበቃ የተሰማውን ሥጋት አስባለሁ። ሰነፍ አልነበረም፤ ሥርዓት አክባሪ ነበር።

ተረት፦ «ደብዳቤ ወጥቷል፤ አሳውቀናል»

ይህኛው አጭር ነው። ደብዳቤው በወጪ መዝገብ ላይ ቁጥር ማግኘቱ የሚያረጋግጠው መውጣቱን ብቻ ነው። ተቀባዩ ጋ ደርሶ ለባለሙያ ተመርቶ፣ ባለሙያው አንብቦ፣ ያነበበውንም ጸሐፊው ባሰበው መንገድ መረዳቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለጠፈ መመሪያም እንደዚያው፤ 200 ሰው አይቶታል ማለት 200 ሰው ተረድቶታል ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ተቀባዩ መመሪያውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገር። በሐኪሞችና በአብራሪዎች ዘንድ ትእዛዝ ተቀባዩ ትእዛዙን መልሶ እንዲናገር የሚደረገው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «የኮሪደር ወሬ የሥራ ጠላት ነው፤ ወሬኞችን መቆጣጠር ነው»

አዲስ መዋቅር ሊመጣ ነው፣ ድልድል ሊሠራ ነው ሲባል በየሻይ ክበቡ የሚሆነውን አስቡ። ማን ይቀራል፣ ማን ይነሣል፣ የትኛው ክፍል ይታጠፋል፤ ዝርዝሩ ሳይወጣ በቃል ይዞራል። አመራሩ ይቆጣል፤ በስብሰባ ላይ «አሉባልታ ይቁም» ይላል። ወሬው ይብሳል።

ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ የወሬን ጉልበት በሁለት ነገሮች ብዜት ገልጸውታል፦ ጉዳዩ ለሰሚው ያለው ክብደትና የመረጃው ግልጽ አለመሆን። ብዜት በመሆኑ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ወሬ የለም። የሠራተኛን እንጀራ የሚነካ ጉዳይ ክብደቱ ሊቀነስ አይችልም። አመራሩ እጅ ላይ ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው። የድልድሉን መስፈርት፣ ቀኑንና አቤቱታ የሚቀርብበትን ቦታ ቀድሞ መለጠፍ ከመቶ ተግሣጽ ይበልጣል። ገና ያልተወሰነ ነገር ካለም «ይህኛው አልተወሰነም፤ በዚህ ቀን ይወሰናል» ማለት በቂ መረጃ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የኮሪደር ወሬ አመራሩ በነጻ የሚያገኘው ሪፖርት ነው፤ ሠራተኛው ምን እንደሚያስፈራው ይነግረዋል። አፍ ማዘጋት ሪፖርቱን መቅደድ ነው።

ተረት፦ «ከውጭ ጋር መነጋገር የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው»

ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ካለ ጥቂት ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ መቼ እንደሚመለስ ስትጠየቅ አላውቅም ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ የነገራት የለም። ደንበኛው ግን ስለ ባንኩ የሚወስደው ሐሳብ ከእሷ መልስ እንጂ በቴሌቪዥን ካየው ማስታወቂያ አይደለም። በር ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛ፣ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ስልክ የሚያነሣው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ አፍ ነው። ውስጥ ያልተነገረ ነገር ውጭ ሊነገር አይችልም።

ወደ ቦይንግ ልመለስ። በሁለቱ አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የደፈቀው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አልተጠቀሰም ነበር። ኩባንያው ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣ ስምምነት ሲታረቅ እንዳመነው፣ ሥርዓቱ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ መደረጉ የአብራሪዎችን ሥልጠና ለሚወስነው የተቆጣጣሪው ቡድን ተሰውሮ ነበር። በውስጥ የሚታወቅ ነገር አጥሩን አልዘለለም። አዲስ አበባ ላይ ያሉ አብራሪዎች ስሙን የሰሙት የላየን ኤር ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው።

ተረት፦ «ሁሉም ነገር እስኪጣራ ዝም ማለት ክብር ይጠብቃል»

እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ የወሰዱ 7 ሰዎች ሞቱ። አንድ ያልታወቀ ሰው እንክብሎቹ ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ ነበር። የመድኃኒቱ ባለቤት ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሕዝቡ መድኃኒቱን እንዳይወስድ አስጠነቀቀ፤ በመላ አገሪቱ የተሰራጩ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙሶችን ሰበሰበ፤ ነጻ የስልክ መስመር ከፈተ። ኪሳራው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ያጣውን ገበያ አብዛኛውን የመለሰው ግን ብዙም ሳይቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቸርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ ደግሞ የሶቪየት መንግሥት ለዓለም የተናገረው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ስዊድን ውስጥ በፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ ያሉ መሣሪያዎች ጨረሩን ካገኙት በኋላ ነው። ዝምታው ያተረፈለት ክብር የለም።

በእኛ አገር መናገር ግዴታም ነው። የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በኩል ለመረጃ ጠያቂ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ከዚያ በኋላ የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ይህን ክፍል አልሻረውም። የአዋጁ ፈተና ግን ያለው ቢሮው ውስጥ ነው፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው መልሱን ከግዥ፣ ከፋይናንስ ወይም ከሰው ኃይል ክፍል ይጠይቃል፣ እነሱም «ከበላይ ይፈቀድ» ብለው ይመልሱታል፣ 30 ቀኑም በውስጥ ማስታወሻ ያልቃል። ጠያቂው በዚያን ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ እሱም ካልመለሰለት ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት የማለት መብት አለው።