የእግር ደም መልስ ምስል፦ ስጋቱ የቱ ጋ ነው?

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ በተለምዶ ጄፒ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለው ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ቀድሞ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን የሚያዩበት ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ሞልተውታል። እዚያ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚነግድ ሰው እግሩ ቢያብጥ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ባቱን ካመመው ግን በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በምስል መታየት አለበት።

ከምርመራዎቹ ብዙ ጉዳት የሚነሣበት ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚታወቀው ቬኖግራፊ ነው። በእግር ጀርባ ባለች ቀጭን ደም ሥር አዮዲን ያለበት ኮንትራስት (ደም ሥሩን በራጅ የሚያሳይ ፈሳሽ) ይወጋና ራጅ ይነሣል። ፈሳሹ ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ቆዳን ያቆስላል። የደም ሥሩን ግድግዳ ስለሚያስቆጣም፣ ሊፈለግ የታሰበውን የደም መርጋት ራሱ ምርመራው የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የአለርጂው ነገር ከማሳከክ እስከ ትንፋሽ ማጠርና የደም ግፊት መውረድ ይደርሳል፤ ከባዱ የሚያጋጥመው ጥቂቶችን ቢሆንም አድሬናሊን አጠገብ ሳይኖር መጀመር አይገባም። የደከመ ኩላሊትም ይጎዳል። ሲቲ ስካንም ይህንኑ ኮንትራስት ስለሚጠቀም አለርጂውንና የኩላሊቱን ስጋት ይጋራል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ ይሁንና ለምስሉ ከሚወጉት የቀድሞ የጋዶሊኒየም መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ኩላሊታቸው እጅግ በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያጠነክር ከባድ በሽታ አስከትለዋል።

ዛሬ የሚቀድመው ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ መርፌም ጨረርም የለውም። ባለሙያው ደም ሥሩን በመሣሪያው ይጫነዋል፤ ካልተጨፈለቀ ደም ረግቶበታል ማለት ነው። የዚህ ምርመራ አደጋ ሳያየው የሚያልፈው ነገር ነው። በባት ውስጥ ያለች ትንሽ የረጋ ደም ልታመልጠው፣ ከቀናት በኋላም ወደ ላይ አድጋ ወደ ሳንባ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ ጥርጣሬው ካልጠፋ በሳምንት ውስጥ መደገም አለበት። ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራሉ፤ ሁለቱም በደቡብ አፍሪካ ስለተስፋፉ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ቤት መሄድ ብቻውን አያስተማምንም። በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው ሳይመረመሩ መቅረት ከየትኛውም መርፌ የከፋ ነው።

የደቡብ አፍሪካ የጤና ሕግ (ቁጥር 61፣ 2003) የጤና ባለሙያው የምርመራውን ጥቅምና አደጋ፣ በተቻለ መጠን ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዳ ያዛል። እንግሊዝኛው ካልያዘላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም የሚያስረዳ ወዳጅ ይዛችሁ ሂዱ። የኮንትራስት መርፌ ከመግባቱ በፊት አስም ወይም አለርጂ፣ የኩላሊት ሕመም፣ እርግዝና ካለ፣ ለስኳርም ሜትፎርሚን የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ።

ከምርመራው በኋላ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።