ከሽሮው ይልቅ እሳቱ

አንድ ምግብ በአየር ንብረት ላይ የሚያሳርፈውን ጫና በዋናነት የሚወስነው የምግቡ ዓይነት እንጂ የመጣበት ርቀት አይደለም። ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ119 አገሮች ከሚገኙ 38 ሺህ 700 ገደማ እርሻዎች መረጃ አጠናቅረው እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። የሰው ልጅ ከሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች ሩብ ያህሉ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የማጓጓዣው ድርሻ ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለሥጋ ብቻ ከሚረቡ ከብቶች 100 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት በአማካይ 50 ኪሎ ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ጋዝ ወደ አየር ይወጣል፤ ያንኑ ያህል ፕሮቲን ከአተር ሲገኝ የሚወጣው ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። «የአገራችሁን ምርት ብቻ ብሉ» የሚለው ምክር ለገበሬው ኪስ ይበጅ ይሆናል፣ ለከባቢ አየር ግን ትርፉ ጥቂት ነው።

የልዩነቱ ምንጭ ሆድና ሥር ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት ሣሩን የሚፈጩት በሆዳቸው በሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እርዳታ ሲሆን፣ በዚህ መሐል የሚፈጠረው ሚቴን በግሳት ይወጣል። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ሲሰላ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ደግሞ ሥራቸው ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ ባክቴሪያ ያስተናግዳሉ፤ ባክቴሪያው የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጥላቸዋል። በዚህ የተነሣ የዩሪያ ማዳበሪያ ብዙም አይሹም። ዩሪያ ሲመረት ከፍተኛ ጉልበት ይፈጃል፣ ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላም ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ያመልጣል። በዓመት እስከ 180 ቀን የሚጾም ምእመን በሽሮና በምስር ወጥ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ ጾሙ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ቢሆንም፣ ሳይንቲስቶች ዛሬ ለዓለም ከሚመክሩት ገበታ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለሕፃን እንቁላልና ወተት ቅንጦት አይደለም፤ ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬ አይገኝም፣ የጥራጥሬ ብረትም በቀላሉ ወደ ሰውነት አይሰርጽም። የቦረናና የአፋር አርብቶ አደርም ግመሉንና ከብቱን ትቶ ምስር ይዝራ ቢባል፣ ዝናቡ አይፈቅድለትም። ሥጋ የመቀነሱ ምክር በየዕለቱ ሥጋ ለሚበሉ አገሮችና ለጥቂት ከተሜ የተገባ እንጂ፣ ሥጋ የበዓል ምግቡ ለሆነ ቤተሰብ አይደለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ምን ሊያሻሽል ይችላል?

መልሱ የፑርና የኔሜቼክ ጥናት ካልደረሰበት ስፍራ ይገኛል፤ ስሌቱ የሚያበቃው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነውና። ምግብ በጋዝና በኤሌክትሪክ ለሚበስልበት አገር ይህ ትልቅ ጉድለት አይሆንም። እንጀራ ግን በደንብ የጋለ ሰፊ ምጣድ ይጠይቃል፣ በሦስት ጉልቻ ሲጋገር ደግሞ አብዛኛው ሙቀት በየጎኑ ይበተናል። ከሰል የባሰ ነው፦ በባሕላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል አምስት ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይቃጠላል፣ በመሐሉም ሚቴን ይወጣል። ኩበት ሲነድ የማሳው ፍግ አብሮ ይነድዳል፤ ባቄላው በነጻ ለአፈሩ ያተረፈው ናይትሮጅን በምድጃው በኩል ያልቃል፣ ገበሬውም ተመልሶ ዩሪያ ይገዛል። «እንጨት ተመልሶ ይበቅላል» የሚል ካለ፣ ነገሩ እውነት የሚሆነው የሚተከለው ከሚቆረጠው እኩል ሲሆን ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ስለሆነ፣ ባለኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ከብዙ ሀብታም አገሮች ወጥ ቤት የተሻለ ንጹሕ ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ለብዙው ገጠርም ገና አልደረሰም፤ ይህ እውነት ነው። መስመሩ እስኪደርስ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከልል ማገዶውን በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራም በማግስቱ ተከድኖ ሲቀቀል ሳይዘፈዘፍ ከተጣደው ቀድሞ ይበስላል፤ ለዚህኛው ቁጠባ የሚገዛ ዕቃ የለም።