የወላጅ የክረምት ንባብ

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፤ ዝናሙም ሰውን በቤቱ የሚያውልበት ወራት ነው። ልጅም ስላለፈው ዘመን ወላጁን ሲጠይቅ፤ ያላነበበ ወላጅ የሚያወርሰው የሰሚ ሰሚ ወሬ ነው።

ስለዚህ ወላጅ በክረምት የሕይወት ታሪክና የታሪክ ማስታወሻ ሊያነብ ይገባዋል። ነገር ግን የገዛ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ምስክርም ባለጉዳይም ነውና አንድ መጽሐፍ ብቻ አይበቃም።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱበትን ነገር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. በታተመው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በሚባለው መጽሐፋቸው ተርከውታል፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ካረፉ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። የፊተኛው በዚያ ነገር አልጋ ወራሽ የሆኑ፤ የኋለኛውም ምክሩን ከመከሩት አንዱ ናቸው። ሁለቱም ከድል አድራጊው ወገን ስለ ሆኑ፤ ቃላቸው ቢስማማ እንኳ የተሻረው ሰው ቃል እንዳልተሰማ ማስተዋል ያስፈልጋል።

የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል «አንድም» እያለ እንደሚያስረዳ፤ ወላጅም ያነበበውን ሁሉ ለልጁ ይንገረው። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ በፍርድ ወንበር ቢቀመጥ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም።