የሠርግ ፎቶግራፍ ጥበብ

በጥር ወር፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሠርግ ድንኳን በየመንደሩ በሚተከልበት ሰሞን፣ በክፍያ ከመጣው ፎቶግራፍ አንሺ ጎን ስልኩን ወይም ካሜራውን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚል አንድ የሙሽሮች ዘመድ አይታጣም። ይህ ሰው በሙያው ያልሠለጠነ ቢሆንም፣ ከቤተ ዘመድ ወገን በመሆኑ ማንም ሳይከለክለው እስከ ጓዳ ይዘልቃል፤ ስለዚህም የእናትን እንባና የሚዜዎችን ጨዋታ ከባለሙያው ይልቅ እርሱ ቀርቦ ያያል። የሚያነሣቸው ሥዕሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ ጽልመት የዋጣቸው፣ ወይ የተንጋደዱ፣ ወይ ኅብረ ቀለማቸው የተዛባ ሆነው ሲገኙ፣ «በኋላ በኮምፒዩተር ይታረማል» በሚል ተስፋ ይታለፋሉ። ጥበቡ ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ ብርሃን ይቀድማል፣ አቀማመጥ ይከተላል፣ እርማት ይፈጽማል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ የምትገኝ በመሆኗ፣ የጥር ፀሐይ እንኳ በቀትር ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ከአናት በኩል ስለምትወርድ፣ ዓይንን በቅንድብ ጥላ ትሸፍናለች፤ አፍንጫንና ግንባርንም ያለ ልክ እንዲያብረቀርቁ ታደርጋለች። ስለዚህ ሙሽሮቹን ከቤት ጥግ ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ፊታቸውን ወደ ገላጣው ሰማይ ማዞር፣ ቢቻልም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለውን ለስላሳ ብርሃን መጠበቅ ይገባል። የድንኳን ውስጥ ችግር ሌላ ነው፤ ሸራው ባለቀለም ከሆነ በእርሱ አልፎ የሚገባው ብርሃን ያንኑ ቀለም ተላብሶ ፊትን ሰማያዊ ወይም ብጫ ስለሚያደርገው፣ መድኃኒቱ ሙሽሪትን ወደ ድንኳኑ አፍ ማቅረብ ነው። ፍላሽም በቀጥታ ሲበራ፣ የብርሃን ኃይል ርቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ወደ ሩብ የሚወርድ በመሆኑ፣ ከፊት ያለችውን ሙሽሪት ከልክ በላይ አንጥቶ ከኋላ ያሉትን ሽማግሎች በጨለማ ያስቀራል፤ ጣሪያው ነጭ በሆነበት አዳራሽ ግን ወደ ላይ ቢያዞሩት ብርሃኑ ተበትኖ ለሁሉም ይዳረሳል። ቬሎና ነጠላ የሚያነሣ ሰው ደግሞ፣ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚገምት መሆኑን ዐውቆ፣ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ያህል ይጨምር።

ስለ አቀማመጥ ሲነገር ከሁሉ የሚልቀው አብነት ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት የሚስሙበት ሰዓት ነው። አንሺው ቆሞ ከላይ ቢያነሣ የሚያገኘው ጀርባና የፀጉር ሥራ ብቻ ሲሆን፣ በጎን በኩል ተንበርክኮ ቢያነሣ ግን የልጅቱን ፊት፣ በራሷ ላይ ያረፈውን የአባት እጅና የሚመርቀውን ከንፈር በአንድ ሥዕል ያገናኛል። ከማንሣቱ በፊትም ዓይኑን ወደ ዳር ዳር አዙሮ፣ ከሙሽራው ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል የመብራት ምሰሶ ወይም የለስላሳ ሣጥን ክምር እንዳይኖር ይመልከት፤ ቢኖር አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ይበቃል። ስልክን ፊት አጠገብ ማስጠጋት አፍንጫን ስለሚያገዝፍ፣ ራቅ ብሎ በሚያቀርበው ሌንስ ማንሣት ይሻላል፤ እስክስታ ሲወረድም መዝጊያው በ1/250 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ ጊዜ ቢሠራ ትከሻው ሳይደበዝዝ ይያዛል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል በሚፈጸምበት ጊዜ ደግሞ ፍላሹን አጥፍቶ፣ ዐምድ ተደግፎ፣ ትንፋሽን ይዞ ማንሣት ለጸሎቱም ለሥዕሉም ክብር ነው።

እርማት የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ አይደለም፤ ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከመቅረቡ ከብዙ ዘመን በፊት የፎቶግራፍ ቤት ሠራተኞች ኔጋቲቩን በእርሳስ እየነካኩ የፊትን እንከን ይሸፍኑ ነበር። የዛሬው አራሚም በቅድሚያ የተንጋደደውን ያቅና፣ ትርፉን ይከርክም፣ ቀጥሎ የነጩን ቀለም ሚዛን ያስተካክል፣ በመጨረሻ ጥላውን በመጠኑ ይግለጥ። ጄፔግ የሚባለው ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 እርከን ብቻ ሲይዝ፣ ሮው የሚባለው ባለ14 ቢት ፋይል ደግሞ 16,384 እርከን ስለሚይዝ፣ ለእርማት የሚታሰብ ሥዕል በሮው ቢነሣ ይመረጣል። ሆኖም በጨለማ የተሸሸገው ሊገለጥ ሲችል፣ በብርሃን ብዛት የጠፋ የቬሎ ጥልፍ ከመጀመሪያው ስላልተመዘገበ ማንም አራሚ አይመልሰውም። ቆዳን ማለስለስና ማንጣትም ልክ ይኑረው፤ ጠይሟ ሙሽራ ቀይ ሆና ከወጣች ሰው ተለወጠ እንጂ ሥዕል ታረመ አይባልም፤ የልጅ ልጆቿ አልበሙን ሲገልጡ ሊያውቁ የሚሹት እርሷን ራሷን ነውና።

እንግዲህ ለዘመድ ሠርግ ካሜራ የሚይዝ ሁሉ፣ ከሠርጉ አስቀድሞ በአንዱ ቀን፣ ሙሽሮቹ በሚወጡበት ሰዓት ወደዚያው ግቢ ሄዶ ብርሃኑ ከወዴት እንደሚገባና ጥላው የት እንደሚያርፍ ቢመለከት፣ በኋላ በኮምፒዩተር ፊት ከሚያድረው ሌሊት ብዙውን ያተርፋል።