ሦስተኛዋ ልጅ ብቻዋን ስትቀር

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ለቤተሰብ ከቀረቡ ትምህርቶች)

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ለብዙዎቻችን ቀላል መስሎ የሚታይ ነው። «የልጆች ኩርፊያ ነው፣ ነገ ይታረቃሉ» ብለን የምናልፈው ጉዳይ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ሴት ልጆች ያሏቸው እናቶችና አባቶች ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁታል። ይኸውም ልጃገረዶች በመካከላቸው የሚፈጥሩት ቡድን፣ ከቡድኑ የምትገለለዋ ልጅና የጓደኝነት አደራ ነው።

አንድ ጊዜ ከመግሪብ ሰላት በኋላ አንድ አባት መስጂድ ውስጥ ቀረቡን። «ኡስታዝ፣ ለልጄ ሩቅያ ይቅሩልኝ፤ ዓይን ሳያገኛት አልቀረም» አሉን። ልጅቱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርቷ ጎበዝ፣ በቤቷም ሳቂታ ነበረች። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትላለች። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ምንም አልተገኘባትም። ምሳ ዕቃዋን እንደተሞላ ይዛ ትመለሳለች። ቅዳሜና እሁድ ግን ሕመሙ የለም። እኛም ቀራንላት። ከዚያም «ሕመሙ ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንዳጋጠማት እናቷ በእርጋታ ትጠይቃት» አልናቸው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማይለያዩ አራት ጓደኛሞች ነበሩ። አንደኛዋ «ምስጢሬን አወጣችብኝ» ብላ ይችን ልጅ ጠረጠረቻት። ማጣራት አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስቱ እንዳያናግሯት ተስማሙ። የመታት የለም፤ የሰደባትም የለም። እሷ ስትመጣ ወሬው ይቋረጣል፤ እሷ ስትቀመጥ እነሱ ይነሳሉ። የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ቦርሳ ይቀመጥበታል። በስልክም አራቱ የነበሩበትን የቴሌግራም ግሩፕ ትተው እሷ የሌለችበት ሌላ ከፈቱ። መምህራኑ ምንም አላዩም፤ የሚታይ ነገር አልነበረምና። ልጅቱ ምሳዋን የማትበላው ሳይርባት ቀርቶ ሳይሆን ብቻዋን ስትበላ መታየቱ ስላሳፈራት ነበር።

እናትየዋ የሦስቱን ልጆች ስም ስትናገር ግን አንደኛዋ የእኛው ልጅ ሆና ተገኘች።

ውድ አድማጮች! ይህን መናገር አይቀልም። በየጁሙዓው ሚንበር ላይ ቆመን ስለ ሐሜትና ስለ ነገር ማዋሰድ የምንናገረው እኛው ነን። ያን ማታ ልጃችንን ጠርተን ጠየቅናት። «አቢ፣ ወላሂ እኔ ምንም አላልኳትም» አለችን። እውነቷን ነበር። አንዲት ቃል አልወጣትም። ወንጀሏም እሱ ነበር። ቆየት ብላ ደግሞ አንገቷን ደፍታ «እኔ ካናገርኳት እኔንም ይዘጉኛል» አለች።

ከዚህ የተማርነው ነገር የዛሬው ዋና መልዕክታችን ነው። በእንዲህ ዓይነት ማግለል ውስጥ ነገሩን የምትጀምረው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ልጅ ናት። የምትገለለውም አንዲት ናት። የተቀሩት መሐል ላይ ያሉ ናቸው፤ ሳይወዱ የሚስቁ፣ ፈርተው ዝም የሚሉ፣ ቦርሳቸውን ባዶ ወንበር ላይ የሚያስቀምጡ። ማግለሉ ጸንቶ የሚቆየው በእነሱ ነው። አብዛኞቹ ልጆቻችንም የሚገኙት እዚሁ መሐል ላይ ነው። ስለዚህ «ልጄን የነካት የለም፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ የተቀመጠ ቤተሰብ ሁሉ ዛሬ ጆሮውን ይስጠን።

ሁለቱ ሲንሾካሾኩ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች አብረው ሲሆኑ ሁለቱ ሦስተኛውን ትተው እንዳይንሾካሾኩ ከልክለዋል። ከሌሎች ሰዎች ጋር እስኪቀላቀሉ ድረስ እንዲታገሱ አዘዋል። ምክንያቱንም ሲገልጹ ያ ሰው ስለሚያዝን መሆኑን ተናግረዋል። ሐዲሱን ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ! ሁለቱ ስለ እሱ ክፉ ያወሩ አይሁን፣ ስለ ገበያ ያወሩ አይሁን አልተጠየቀም። የሦስተኛው ሰው ሐዘን ብቻውን ለክልከላው በቂ ምክንያት ሆኗል።

የዘመኑ ተመራማሪዎችም ይህን ሐዘን በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ ሆነው በኮምፒዩተር ኳስ እንዲቀባበሉ ተደረገ። ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ሁለቱ ኳሷን ለሦስተኛው መስጠት ያቆማሉ። በዚህ ጊዜ የተገለለው ሰው አንጎል ውስጥ የአካል ሕመም ከሚፈጥረው ጭንቀት ጋር የሚያያዝ ክፍል ሲነቃ ታየ። እንግዲህ ይህ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር እንደሆነ አምነው ለጥቂት ደቂቃ በተጫወቱት ጨዋታ የመጣ ነው። ሁለት ዓመት አብራት የበላች ጓደኛዋ የዘጋቻት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ሆዴን አመመኝ» ብትል ውሸቷን ነው ልንል አይገባም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት አሥራ አንደኛው አንቀጽ ላይ አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ ከከለከለ በኋላ ሴቶችን ለይቶ በማንሳት ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ ከልክሏል፤ የተሳለቁባቸው ከነሱ የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉና። መጥፎ ቅጽል ስም መለጣጠፍንም በዚያው አንቀጽ ከልክሏል። በየክፍሉ በቀላሉ የምትገለለዋ ማን እንደሆነች ልጆቻችንን ብንጠይቅ ይነግሩናል። ከገጠር የመጣች፣ አነጋገሯ የሚለይ፣ ጫማዋ ያረጀ፣ ወይም እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ ከአያቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት።

አላህ የጠበቃት ጆሮ

በምእመናን እናት በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ ሙናፊቆች የሐሰት ወሬ ባሰራጩ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። መዲና በወሬው ታመሰች። በዚህ ውስጥ የሁለት ሴቶች ሥራ ለልጆቻችን ትልቅ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያዋ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ናት። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች መካከል በክብር ከዓኢሻ ጋር የምትፎካከረው እሷ ነበረች። በሰው ሚዛን ካየነው የዓኢሻ ስም ቢጎድፍ የምትጠቀመው እሷ ናት። የገዛ እህቷ ሐምናም ወሬውን ካናፈሱት ጋር ገብታ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ዓኢሻ በጠየቋት ጊዜ ግን ጆሮዋንና ዓይኗን እንደምትጠብቅ፣ ከመልካም በስተቀርም የምታውቀው ነገር እንደሌለ መለሰች። ዓኢሻም (ረ.ዐ) ራሷ ይህንን መስክራላታለች፤ አላህ በጥንቃቄዋ ምክንያት እንደጠበቃት ተናግራለች።

ሁለተኛዋ ስሟ በሐዲሱ ያልተጠቀሰ አንዲት የአንሷር ሴት ናት። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወላጆቿ አጠገቧ ተቀምጠው ስታለቅስ ሳለ ፈቃድ ጠይቃ ገባች። ከዚያም አብራት ተቀምጣ አለቀሰች። ምክር እንደሰጠች አልተነገረም፤ ስለ ወሬውም እንደጠየቀች አልተነገረም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያችን በጭንቅ ቀን አብራት የተቀመጠችውን ሴት አልረሳቻትም። በቡኻሪ በተዘገበው በረጅሙ ሐዲስ ውስጥ አንስታታለች።

ልጆቻችን ከነዚህ ሁለት ሴቶች አንዷን እንዲመስሉ ነው የምንፈልገው። አንደኛዋ ወሬውን ከራሷ ላይ ታቆማለች። ሁለተኛዋ ሄዳ አብራት ትቀመጣለች። ሁለቱም ብዙ ንግግር አይጠይቁም። በካናዳ በትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ አንድ ተማሪ ሲጠቃ ሌላ ልጅ ጣልቃ ከገባ ከግማሽ በሚበልጡት ጊዜያት ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። ልጆች ጣልቃ የገቡት ግን ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ብቻ ነበር። የአንዲት ልጅ ድፍረት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

«መጥፎ ጓደኛ ናት» የሚለው ሰበብ

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለብን። አንደኛ፣ የቅርብ ጓደኛ መያዝ ወንጀል አይደለም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከባልደረቦቻቸው መካከል ይበልጥ የሚቀርቧቸው ነበሩ። የልጃገረዶች ጓደኝነትንም ያከብሩ ነበር። የዓኢሻ ጓደኞች እሳቸው ሲገቡ አፍረው ሲደበቁ፣ እሳቸው ራሳቸው ወደ እሷ መልሰው ይልኳቸው እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከሁሉም ጋር እኩል መቀራረብ አይጠበቅብንም። ሰላምታ መንፈግ፣ ሌሎችን ማሳደምና ሰውን እንደሌለ መቁጠር ግን ጓደኛ ከመምረጥ የተለየ ነገር ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። በመድረሳዎቻችን አካባቢ ዲን የማግለያ መሣሪያ ሲሆን አይተናል። «ሒጃቧን በደንብ አትለብስም»፣ «ፊልም ታያለች»፣ «ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ ተብለናል» እየተባለ አንዲት ልጅ ትገለላለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፉ ጓደኛ መጠበቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰላት ብትዘናጋ፣ የምትሰግዱት ልጆች ሆይ፣ ከእናንተ ሌላ ወደ ማን ትሂድ? ነሲሓ የሚሰጠው ቀርቦ ነው። ከኋላዋ እየተጠቋቆሙ መሳቅ ነሲሓ አይባልም።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥያቄያችንን እንለውጥ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ማን ነካሽ?» ብቻ አንበላት። «ዛሬ ብቻዋን ምሳ የበላች ልጅ ነበረች?» እንበላት። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ቢጠየቅ ልጅቷ ራሷ ማየት ትጀምራለች።

ሁለተኛ፣ ቡና ላይ የምናወራውን እንጠብቅ። እናት ጎረቤቷን ዘግታ፣ አባት ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ዓመት ሲያልፍ የምታይ ልጅ መዝጋትን የተማረችው ከቤቷ ነው። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ፣ ከሁለቱም የሚበልጠው ሰላምታ የሚጀምረው እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ይህን ልጆቻችን ከእኛ ይዩት።

ሦስተኛ፣ የተገለለች ልጅ ስታለቅስ «ተያቸው፣ አንቺም ዝጊያቸው» አንበላት። ወዲያው የሌላዋን እናት በር አንኳኩቶ መጣላትም ነገሩን ያከፋዋል። መጀመሪያ እናዳምጣት። ከዚያ የክፍል ኃላፊ መምህሯን በእርጋታ እናነጋግር። በመድረሳ፣ በዘመድና በጎረቤት ሌላ የምትጫወትበት በር እንክፈትላት። ምግብ ካቆመች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም መኖር እንደማትፈልግ ከተናገረች ግን ከዱዓችን ጋር ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰዳት።

አራተኛ፣ መሐል ላይ ያለችውን ልጅ ፍርሃቷን አንናቅባት። እውነትም ልትዘጋ ትችላለች። ቤቷ ከጎኗ እንደሚቆም ካወቀች ግን ትደፍራለች።

የኛው ልጅ በማግሥቱ ክፍል በር ላይ ቆማ ለጓደኛዋ ሰላምታ አቀረበች። ልጅቷ አልመለሰችላትም። ማታ እያለቀሰች ስትነግረን «ነገም በያት» አልናት። በሦስተኛው ቀን መለሰችላት። ከዚያ በኋላ እናቷ ይዛት ወደ ቤታቸው ሄዳ ዐውፍ ጠየቀች። ሁለቱ ጓደኞቿ ወር ያህል እሷንም ዘግተዋት ነበር። ከሁለቱ አንደኛዋ በኋላ ተመለሰች፤ ሌላዋ ሌሎች ጓደኞች ያዘች። አራቱ እንደ ድሮው አልሆኑም። ነገር ግን ያች ልጅ አሁን ምሳ ዕቃዋን ባዶውን ይዛ እንደምትመለስ አባቷ ነግረውናል። አልሐምዱሊላህ።

አላህ (ሱ.ወ) የልጆቻችንን ልብ ያስተሳስርልን። ጆሯቸውንና አንደበታቸውን ይጠብቅልን። እኛንም ለነሱ መልካም አርአያ ያድርገን። አሚን።