የጋማ ከብት ሰኮና ምርመራ በአሶሳ

በአሶሳና በዙሪያዋ የሰኮና ምርመራ ከሁሉ በፊት የአህያ ጉዳይ ነው። በክልሉ ቆላማ ወረዳዎች ፈረስና በቅሎ እምብዛም አይበረክቱም። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ አለ፤ በደቃቅ ተናካሽ ትንኞች የሚዛመተው የአፍሪካ ፈረስ በሽታም አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ መጥተው አሶሳ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ከፈረስና ከበቅሎ አገር የመጡ ናቸው፤ በአዲሱ ቀዬ ግን እህሉን፣ ውሃውንና ማገዶውን የሚሸከመው አህያ ሆነ። አህያ ሁለቱንም በሽታዎች ከፈረስ በተሻለ ይቋቋማል። እግሩ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

የአህያ ሰኮና የፈረስ ሰኮና ታናሽ ቅጂ አይደለም። ጠበብ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምና ግድግዳው ወፈር ያለ ነው። የፈረስ የፊት ሰኮና ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ሲሆን፣ የአህያው ከ55 እስከ 65 ይደርሳል። በፈረስ የለመደ እጅ አህያውን «ሰኮናው በጣም ቆሟል» ብሎ ተረከዙን ዝቅ ካደረገበት ጤነኛውን እግር ያበላሻል።

ምርመራው እግር በማንሳት አይጀመርም። ጭነቱ ይወርዳል፤ አህያው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ይታያል። ከፊት ሲታይ በእግሩ መሀል ለመሀል የሚወርደው መስመር ሰኮናውን እኩል ሊከፍለው ይገባል። ጸጉርና ሰኮና የሚገናኙበት መስመር ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ከፍ ባለው በኩል ያለው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ረዝሟል፤ ሲራመድም መሬት ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ከጎን ሲታይ ደግሞ የሰኮናው ፊትና ከበላዩ ያለው አጭር የእግር ክፍል በአንድ መስመር መውረድ አለባቸው። ጫፉ ረዝሞ ተረከዙ ከተኛ መስመሩ ወደ ኋላ ይሰበራል፤ ሸክሙም ከእግሩ ጀርባ በሚወርደው ጅማት ላይ ያርፋል። በግድግዳው ላይ ዙሪያውን የሚታዩ ቀለበቶችም ይናገራሉ። ቀለበቶቹ ከፊት ተጠጋግተው ወደ ተረከዝ ሲሄዱ የሚራራቁ ከሆነ፣ በሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ቀደም ሲል ተቆጥቶ እንደነበር መጠርጠር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ አህያው ይነዳል። ሲያነክስ የፊት እግሩ የታመመ ከሆነ ጤነኛው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱ ተረከዞች መሬት እኩል ማረፋቸው የሚታየውም በዚሁ ጊዜ ነው።

እግሩ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ዝቅ ብሎ፣ ከሆዱ ሥር ሳይወጣ። ወደ ጎን የተጎተተ እግር አህያውን ስለሚያሳምመው እንዲታገል ያደርገዋል። ጭቃውና ጠጠሩ ከተጠረገ በኋላ በግድግዳውና በወለሉ መካከል የሚያልፈው ነጣ ያለ መስመር በጥንቃቄ ይታያል። መስመሩ ጠባብና ድፍን ከሆነ ሰኮናው ጤነኛ ነው። ተከፍቶ አሸዋ ከገባበት ግድግዳው መላቀቅ ጀምሯል። በመስመሩ ላይ ቀይ ነጥብ ከታየ መቀጥቀጥ አለ፤ በመሀል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ ከሸተተም በስብሷል።

ለአሶሳ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ መበስበስ ነው። የአህያ ዘር የመጣው ከደረቅ ምድር ስለሆነ ሰኮናው ውሃ ይመጥጣል፤ የክልሉ ዝናብ ደግሞ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሌሊቱን ጭቃ ውስጥ ታስሮ የሚያድር አህያ ቀን ቢታከምም አይድንም። ድንጋይ የተነጠፈበት ወይም ከፍ ብሎ የተደለደለ ማደሪያ ከመድኃኒቱ ይልቅ ያድነዋል። ለመቁረጥም የተሻለው ጊዜ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ሰኮናው በበጋው ፀሐይ ከመድረቁ በፊት ነው።

ሰኮና በወር ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የጫፉ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ ለመተካት አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ወደ ላይ እስኪቆለመም የረዘመ ሰኮና በአንድ ቀን አይስተካከልም፤ በየጥቂት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ወደ ቦታው ይመለሳል። በገጀራ ወይም በማጭድ መቁረጥ ጫፉን ብቻ ስለሚያሳጥር ተረከዙን እንዳለ ይተወዋል፤ አደጋውም ብዙ ነው። ጉጠትና ሞረድ ያስፈልጋሉ። በተፈጥሮው ጠማማ እግር ይዞ ያደገ ትልቅ አህያ ግን በሞረድ አይቃናም፤ ለማቃናት መሞከር መገጣጠሚያውን ይጎዳል።

አፈር መንገድ ላይ የሚሠራ የአሶሳ አህያ ጫማ አያስፈልገውም። ጫማ የሚያስፈልገው አስፋልትና ኮረት ላይ ጋሪ ለሚጎትት ወይም ሰኮናው ከሚያድገው በላይ ለሚያልቅበት እንስሳ ነው። በነጆና በመንዲ በኩል ከወለጋ ደጋ የሚመጣ የሆሮ ፈረስ ወይም በቅሎ ጫማ አድርጎ ከተገኘ መጀመሪያ የሚታየው ጫማው በሰኮናው ልክ መሠራቱ ነው። ሰኮናው በጫማው ልክ ተሞርዶ ከሆነ ግድግዳው ሳስቷል። ጫማው ተረከዙን እስከ መጨረሻው መደገፍ አለበት። ምስማሮቹ ከነጩ መስመር በስተውጭ ገብተው ከግድግዳው ቁመት ሲሶ ያህል ላይ፣ በአንድ ረድፍ ይወጣሉ፤ ከሰኮናው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ ግን ምስማር አይመታም፣ ተረከዙ በየእርምጃው መከፈትና መገጠም ስላለበት። ከፌሮ የተቀጠቀጠ ጫማም ቢሆን ደልዳላ ነገር ላይ ሲቀመጥ የማይወዛወዝ ከሆነ ያገለግላል።

ጫማ በተመታለት ማግስት ያነከሰ፣ ሰኮናው የሞቀና የእግሩ ደም ሥር በኃይል የሚመታ እንስሳ ምስማር ሥጋ ነክቶታል ማለት ነው። ጫማው ወዲያው ይነቀላል፤ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ይታጠባል። የጋማ ከብት ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ ስለሚጋለጥ መከላከያው አይዘገይም። በደንብ የተመታ ጫማም ቢሆን ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ፣ ገና ሳይላላ፣ መነቀል አለበት፤ ሰኮናው ሲያድግ ጫማውን ወደ ፊት ስለሚወስደው ተረከዙ ያለ ድጋፍ ይቀራል።