ባለሀብቱን ከባለሀብት የሚጠብቅ ጣሪያ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ ክለቦች ባለቤቶች ሜዳቸውን ዘጉ። አድማ የመታ ተጫዋች አልነበረም፤ ሥራውን የዘጋው አሠሪው ራሱ ነው። በየካቲት 2005 ኮሚሽነሩ ጋሪ ቤትማን የውድድር ዓመቱ መሰረዙን አወጁ። 1,230 ጨዋታዎች ቀሩ። የስታንሊ ዋንጫም እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ካስቀረው ከ1919 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸላሚ አጣ።

ባለቤቶቹ የደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ ከሚከፍለው የማያልፍ ገደብ፣ ይበጅልን አሉ። አርተር ሌቪት የተባሉ ባለሙያ ለሊጉ ባዘጋጁት ሪፖርት መሠረት ክለቦቹ በአንድ የውድድር ዓመት 273 ሚሊዮን ዶላር ከስረዋል፤ ከገቢያቸውም 75 በመቶው ለተጫዋቾች ሄዷል። የተጫዋቾቹ ማኅበር ሒሳቡን አላመነም።

ቆይ፣ ደመወዙን ማን ከፈለው? ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ አስገዳጅም አልነበረባቸውም። አንዱ ባለጸጋ ዋጋ ሲሰቅል ሌላው ተጫዋቹን ላለማጣት ይከተላል፤ የገበያውን ዋጋ የሚተምነው እጁ የማይያዘው ነው። የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ክለብ ገንዘቡን እየረጨ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀርቷል። ጣሪያው እንግዲህ ባለሀብቱን ከባለሀብት የሚጠብቅ ነው። ግን ተፎካካሪዎች ተሰብስበው የሠራተኛ ዋጋ ቢወስኑ በአሜሪካ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ያስጠይቃቸዋል። ከተጠያቂነት የሚያድናቸው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ነው። ይህን ሁሉ ወር ሲታገሉለት የቆዩት ለዚያ ፊርማ ነው።

ድርድሩ ሲቋረጥ ሊጉ ለአንድ ቡድን 42.5 ሚሊዮን፣ ማኅበሩ 49 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነበሩ። በሐምሌ የተፈረመው 39 ሚሊዮን ሆነ። ተጫዋቹ የዓመት ደመወዙን አጥቶ፣ ውሉ በ24 በመቶ ተቀንሶ፣ ቀድሞ ከጣለው ቁጥር ያነሰ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ሽንፈት በማኅበር ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ነገሩ በዚህ ግን አላበቃም። ጣሪያው ከሊጉ ገቢ ጋር ስለታሰረ ገቢው ሲያድግ አብሮ ወጣ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ 64 ሚሊዮን አለፈ። ወለልም ስላለው ቆጣቢ ክለብ ከዚያ በታች መክፈል አይችልም። ይህ ሲሆን ባለቤቶቹ ቁጥሩን ትተው ወደ ገቢ ድርሻው ዞሩ። በ2012 ዳግም ዘግተው የተጫዋቾቹን ድርሻ ከ57 ወደ 50 በመቶ አወረዱት፤ የዚያ ዓመት ውድድርም ለየቡድኑ ወደ 48 ጨዋታ አጠረ።

እዚህ ላይ ደጋፊ ብዙም የማያየው አሠራር አለ። ከየደመወዙ ተቆርጦ በአደራ የሚያዝ ገንዘብ አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ የተጫዋቾቹ ጠቅላላ ክፍያ ከተፈቀደው ድርሻ ካለፈ ብልጫው ለባለቤቶቹ ይመለሳል። ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ኪስ የሚገባው አይደለም። ለእኔ ዋናው ጣሪያ ይሄ ነው።

ለ2025/26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ2025 የጸደቀው አዲስ ስምምነትም እስከ 2030 የሚዘልቅ ሲሆን አንድም ጨዋታ ሳይሰረዝ ተፈርሟል።